ስድስቱን ጠርሙሶች የሸፈንኩበት ሰንበት

ጠርሙስ አጥቤ ስጨርስ በጥፍሬ መታ አደርገዋለሁ። ደኅና ከሆነ ይጮኻል፤ ድምፁ ረዘም ብሎ ቆይቶ ይጠፋል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለበት ግን ድምፁ እዚያው ይሞታል። ይህን እዚህ አገር ማንም አላስተማረኝም። እናቴ ቋራ ውስጥ ሸክላ ትሠራ ነበር። ገንቦው ከእሳት ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ጆሮዋን አስጠግታ መታ ታደርገውና ወይ ወደ ቀኝ፣ ወይ ወደ ግራ ታስቀምጠዋለች። በስተግራ ያለው ለገበያ አይወጣም።

የምሠራው እየሩሳሌም፣ ታልፒዮት የሚባል ሰፈር ነው፤ ከታች መኪና የሚጠገንበት፣ ከላይ ቤተ ሙከራ ያለበት ሕንፃ ውስጥ። ሥራዬ የቤተ ሙከራውን ጠርሙስና ብርጭቆ ማጠብ ነው። በሳሙናና በብሩሽ አሻለሁ፣ በቧንቧ ውሃ አለቀልቃለሁ፣ ከዚያ ምንም ነገር በሌለበት በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ። ሦስት ያሉኝን እኔ አራት አደርገዋለሁ። ሦስቱን በትክክል መቁጠሬን ስለማላምን፣ አራተኛው ለጥርጣሬዬ ነው።

ሥራውን ያገኘችልኝ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ ምርምሯን የምትሠራው እዚያው ቤተ ሙከራ ነው። እኔ ቀድሞ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። ወገቤ እምቢ ሲል ልጄ አለቃዋን፣ አንዲት ጠና ያለች ፕሮፌሰር ናት፣ ለመነችልኝ። የገባሁ ቀን ደረጃው ላይ አቁማ አስጠነቀቀችኝ፤ የምትጠራኝ በዕብራይስጥ 'ኢማ'፣ እናቴ ብላ ነው።

"ኢማ፣ እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር። ሰው ፊት 'በላሽ ወይ' እንዳትይኝ። የማታውቂውን ነገር ደግሞ እንዳትነኪ።"

"ሳላውቅ የምነካው ምን አለ?"

"እሱን ነው የምልሽ።"

የመጀመሪያውን ጠበቅሁ። ምሳዋን ሳታየኝ ቦርሳዋ ውስጥ እከታለሁ እንጂ አንድ ቀን አፌን አልከፈትኩም።

የምትሠራውን ነገር ያስረዳችኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እሷም አማርኛዋ ግማሽ ነው፤ እየተረዳዳን ደረስንበት። የወባ መድኃኒት የሚወጣበት አንድ ተክል አለ፤ የእኛ አገር ጭቁኝ ዘመዱ ነው አለችኝ። ተክሉን ለማብቀል መሬትና ውሃ ይፈልጋል፣ ወራት ያስጠብቃል፣ የሚሰጠው ደግሞ ጥቂት ነው። እነሱ ታዲያ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ አረንጓዴ ባክቴሪያዎች ያረባሉ። አንዱ ብቻውን ለዓይን አይታይም፤ ሲበዙ ነው ውሃው የሚለመልመው። እንደ ቅጠል ብርሃን በልተው ይኖራሉ። ከተክሉ ላይ ያንን ነገር የሚያሠራውን ዘረ መል ወስደው እነዚህ ባክቴሪያዎች ውስጥ ያስገቡላቸዋል።

"ከዚያ መድኃኒቱን ራሳቸው ይሠሩታል?"

"መድኃኒቱን አይደለም። መጀመሪያውን። ከሱ ተነስቶ ሌላ ሰው መድኃኒት ያደርገዋል።"

"ጥንስሱን ነዋ!"

ጥንስስ ምን እንደሆነ አላወቀችም። ጠላ እንዴት እንደሚጠነሰስ ስነግራት ከቤታችን ታልፒዮት ደረስን።

ቋራ ቆላ ነው። ታላቅ ወንድሜ በወባ የሞተው እኔ ጥርሴን በምቀይርበት ጊዜ ነው። ልጄ ይህን ሥራ የመረጠችው ስለ እሱ ስላወራኋት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኋት። "አይ ኢማ፣ ፕሮፌሰሯ ናት የሰጠችኝ" አለች። ቢሆንም ከልቤ አልወጣም።

የልጄ ጠርሙሶች ስድስት ናቸው። በውስጠኛው ክፍል መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ከኋላቸው ነጭ መብራት ይበራባቸዋል። በቀጭን ቱቦ አየር ስለሚገባላቸው ቀኑን ሙሉ እንደ ምንጭ ይፍለቀለቃሉ። ከላይ ስስ ዘይት ተደርጎባቸዋል፤ የሚሠሩት ነገር እንደ ሽታ የሚተን ስለሆነ ዘይቱ ይይዘዋል። እሑድና ረቡዕ ልጄ ከዘይቱ ጠብታ ወስዳ ለማሽን ትሰጣለች። ማሽኑ መስመር ያሰምራል። ያ ነገር ካለ መስመሩ ላይ ተራራ ይወጣል፤ ከሌለ ሜዳ ነው።

ብዙ ጊዜ ሜዳ ነበር። ከዚያ አንድ ዘር ተራራ አወጣና ከሳምንታት በኋላ ተወው። "ጣሉት" አለችኝ ያን ጊዜ። "ያስገባንላቸው ነገር ሸክም ነው። ከመሃላቸው አንዱ ከጣለው ቀሎት ቶሎ ይባዛል። ትንሽ ቆይተሽ ስታዪ የተሸከሙት አልቀው የጣሉት ብቻ ይቀራሉ።" እንዲህ ያለ ነገር በሰው መሃል አይቻለሁ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ደክሟት ስለነበር ተውኩት።

እነዚህ ስድስቱ ሁለተኛው ዘር ናቸው። በየሳምንቱ ተራራቸው ከፍ ይል ነበር። እኔም የሚታጠብ ልሰበስብ ስገባ ሳላያቸው አልወጣም። እንዲያውም የሚታጠብ ሳይኖርም እገባ ነበር። ክረምት ሲወጣ እንዳለ የቋራ ሜዳ፣ ያን የመሰለ አረንጓዴ እየሩሳሌም ውስጥ ሌላ ቦታ አላየሁም።

አንድ ሐሙስ እንግዶች መጡ። ለቤተ ሙከራው ይጠቅማሉ የተባሉ፣ ሱፍ የለበሱ ሰዎች ናቸው። ልጄ ነጭ ጋዋኗን አድርጋ አስረዳቻቸው። እኔ በሩ አጠገብ ጋሪዬን ይዤ ቆሜአለሁ። አንድ ረጅም ሰውዬ እጁን ኪሱ ከቶ ጠርሙሶቹ ፊት ተገተረና "እንዴት ያምራል! እንዴት ያምራል!" አለ። አብራው ያለችው ሴት "አንቺ ነሽ ብቻሽን የሠራሽው? በዚህ ዕድሜሽ?" አለቻት። ልጄም ሳቀች። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ "ከዓይን ያውጣሽ" አላለም። ዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹም እንዲህ ያለ ቃል አላቸው፤ ሕፃን ሲያዩ ይሉታል። ለጠርሙስ ግን ማን ይላል?

እኛ አገር ነገር በባዶው አይደነቅም። ወተት፣ ሊጥ፣ አዲስ የተወለደ ልጅ፣ ሁሉም ይሸፈናል። ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ ቤተ ሙከራው ለቅዳሜ ሰንበት ሲባል እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ልጄ ጓደኛዋ ዘንድ ሰንበትን ልታሳልፍ ቀድማ ወጣች። መጨረሻ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ከታጠቡት ወፍራም ነጭ ፎጣዎች መረጥሁ፣ ድርብ አድርጌ አጠፍኳቸው፣ ስድስቱንም ዙሪያቸውን ሸፈንኳቸው። መብራቱ ጨርቁን እንዳያቃጥል ራቅ አድርጌ፣ እጄን በመሃል አስገብቼ ሙቀቱን ለካሁ። ቱቦዎቹ እንዳይታጠፉ አየሁ። ሦስቴ ተመልሼ አየሁ። መጠንቀቅ ማለት ለእኔ ይህ ነበር።

ብርሃን እንደሚበሉ አልረሳሁም። ግን ሰንበት ነው። ሰው ያርፋል፣ በሬም ያርፋል። ሜዳ ላይ ያለ ቅጠል እንኳ ሌሊት አለው፤ እነዚህ ሌሊት የሚባል አያውቁም። አንድ ሰንበት ቢያርፉ ምን ይሆናሉ ብዬ አሰብሁ።

እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። ማንም ሳይገባ ፎጣዎቹን አነሳሁ። አረንጓዴያቸው ደብዝዞ ነበር። ዓይኔ ነው አልኩ። ፎጣዎቹን አጥቤ አሰጣሁ።

ረፋዱ ላይ ልጄ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። መስመሩን ከትከሻዋ በላይ አየሁት። የነበረው ተራራ ጉብታ እንኳ አላከለም። ልጄ አላለቀሰችም። ጓንቷን ጣት በጣት እያወለቀች፣

"ጣሉት" አለች።

"ምናልባት ደክሟቸው..."

"ኢማ፣ ዳይ። በቃ። እንደ መጀመሪያዎቹ ጣሉት። እኔ ነኝ፣ አሠራሬ ላይ የሆነ ስህተት አለ።"

ፕሮፌሰሯ መጥታ አየች። ዘሩ ሳይጥለው በፊት ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ አለ፣ ግን ሁለት ጊዜ ከጣሉት ሐሳቡ ራሱ አይሆንም ማለት ነው አለች። ረቡዕ ስብሰባ አለ፤ እዚያ ይወሰናል። ከተተወ ስድስቱ ጠርሙሶች በእንፋሎት ተቀቅለው ይደፋሉ፣ ልጄም ሌላ ነገር ከዜሮ ትጀምራለች። የተደፋውን ጠርሙስ የማጥበው ደግሞ እኔ ነኝ።

እሑድም ሰኞም አልተናገርኩም። ሥራዬን ፈርቼ ነው ብል ውሸት አይደለም፤ ግን ሁሉ እውነት አይደለም። ልጄን ነው የፈራሁት። ጓደኞቿ ሁሉ ነጭ ጋዋን ለባሾች ናቸው፤ እናቷ ዓይን ፈርታ ጠርሙስ ሸፈነች ሲባል ፊቷ ምን እንደሚመስል አየሁት። ማታ ቤት ስትመጣ ደብተሮቿን ዘርግታ ከወራት በፊት የጻፈችውን ታነባለች፤ ስህተቷን ትፈልጋለች። የሌለ ስህተት ስትፈልግ እኔ ሾርባ አሞቅላታለሁ።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም። አውቶቡስ ይዤ ወደ መሃል ከተማ ወጣሁና በኢትዮጵያ መንገድ ሽቅብ አቀናሁ። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ አንዲት መነኩሲት አውቃለሁ። እኔ የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ፣ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ግን እሳቸውም የቋራ፣ ከመንደራችን ወንዝ ማዶ ናቸው። ከዓመታት በፊት ባቡር ውስጥ ንግግራቸውን ሰምቼ ነው "ያገሬ ሰው" ያልኳቸው። ያኔ ዴር ሡልጣን ገዳም፣ ጣራው ላይ ነበር የሚኖሩት፤ ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ሲል ወደዚህ ወረዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አልገባም፤ ከውጭ፣ ከግንቡ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ነው የምንቀመጠው።

"ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ልጅሽ ደኅና ናት?" አሉኝ።

"ደኅና ናት እማሆይ። እኔ ነኝ ያበላሸሁባት።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። የጠርሙሱን ነገር እየደጋገሙ ጠየቁኝ፤ ብርሃን የሚበላ ፍጥረት መኖሩ አስገርሟቸው ፎጣውን ረስተውት ነበር። በኋላ ግን አስታወሱና ሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው መቁጠሪያቸውን ከእጃቸው ጣለው።

"ታዲያ ከማን ዓይን ነው የሸፈንሽው?"

"ከእንግዶቹ።"

"አንቺ! እኛ ወተት የምንሸፍነው ከእናትሽ ነበር። ገንቦዋን አዝላ ከወንዙ ማዶ ብቅ ስትል እናቴ 'ክደኑ! ክደኑ! ባለ እጆቹ መጡ' ትል ነበር። ዛሬ አንቺ ደግሞ ከሱፍ ለባሽ ትሸፍኛለሽ?"

እኔም ሳቅሁ። ግን ቀልድ አልነበረም። ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ እኛ ነን ቡዳዎቹ። ከእናቴ ጋር ገበያ ስንሄድ ሴቶች ልጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሲስቡ፣ የወተት ቅል ሲከድኑ አይቻለሁ። እናቴ ዓይኗን መሬት መሬት ታደርጋለች፤ እኔንም "አትዪ" ትለኛለች። በሰው ላምና በሰው ልጅ ላይ ዓይኔን እንዳላሳርፍ ነው የተማርኩት። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው፣ እነዚያን ስድስት ጠርሙሶች ከሁሉ አብልጬ ያየኋቸው እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ። የሸፈንኩት ከሰውዬው ብቻ አልነበረም።

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አንስተው አቧራውን አራገፉ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ" አሉ። "ወተቱ ተከድኖም ይበላሽ ነበር። ቆላ ነዋ፣ ሙቀት ነው። እኛ ግን እናትሽ አለፈች እንል ነበር። አንድ ጊዜ ቅሉን በደንብ ያላጠብኩት እኔ ነበርኩ። አውቄዋለሁ። እናቴ እናትሽን ስትረግም ዝም አልኩ።"

ይቅር ይበልዎ አልኳቸው መሰለኝ። ስሄድ በሩ ድረስ ሸኙኝ። "ነገ ሳይመሽብሽ ንገሪያት" ያሉኝ እሳቸው ናቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላሉም። ቀድሞ ያሉት በቅቶኝ ነበር። ልጄ ራሷን ስትረግም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ጧት አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ መስኮቱ በኩል ናት።

"ሸፈንኳቸው" አልኩ።

"ምኑን?"

"ጠርሙሶችሽን። በፎጣ። ዓርብ ወጥታችሁ እስክትመጡ።"

ዘወር ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ያልገባት መስሎኝ ልደግም ስል፣

"ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?" አለች።

ነገርኳት።

"ስንት ድርብ? መብራቱ ያልፋል? ስድስቱንም?"

ሁሉንም ነገርኳት። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ እጇ ላይ ጻፈች፣ ወረቀት አልፈለገችም። ከጻፈች በኋላ ነው የተቆጣችው።

"ለምን? ለምንድን ነው ሰው እንዲህ የሚያደርገው?"

"ሰዎቹ በባዶው አደነቁት። ዓይን..."

"ቡዳ? ኢማ፣ ቡዳ? ታልፒዮት ውስጥ?" ድምፅዋን ከፍ ስላደረገች ከፊት ያሉ አንዲት ያገራችን ሴትዮ ዞር ብለው አዩን። "ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ሰው ፊት አታናግሪኝ አላልሽም?"

"'በላሽ ወይ' አትበይኝ ነው ያልኩት!"

ሴትዮዋ ሳቃቸውን ለመዋጥ አሳላቸው። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ወርደን የሕንፃው ደረጃ ላይ ስንደርስ ቆመች።

"ሦስት ቀን" አለች። "ሦስት ቀን ራሴን ስበላ እያየሽ ሾርባ ሰጠሽኝ።"

ከኋላዋ ደረጃውን ወጣሁ።

ከስብሰባው በፊት ደብተሯን ስትከፍት አጠገቧ ነበርኩ። እነሱ ዘንድ የሆነው ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ የተጻፈም አይሰረዝም። "መብራት ተቋረጠ ብዬ ብጽፍ ማንም አይጠይቅም" አለችኝ ወደ እኔ ሳታይ። የእኔን ልብ ልትሞክር ይሁን፣ ልታድነኝ ይሁን አላውቅም።

"እንደሆነው ጻፊው" አልኳት።

ጻፈችው። ጠርሙስ አጣቢዋ ከዓርብ እኩለ ቀን እስከ እሑድ ጧት በጨርቅ ሸፈነቻቸው። እናቴ ብላ አልጻፈችም። ቅር ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ደብተር ላይ የሚጻፈው ሥራ እንጂ ዘመድ አይደለም።

ፕሮፌሰሯ አስጠርታ ጠየቀችኝ። ዓይንን ስለመፍራት በሰባራው ዕብራይስጤ ስነግራት አልሳቀችም፤ የእሷም አያት ከአልጋዋ ሥር ነጭ ሽንኩርት ታስቀምጥ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ግን ውስጠኛው ክፍል ከእንግዲህ እንዳልገባ ነገረችኝ። የሚታጠበውን ሌላ ሰው አውጥቶ በሩ ላይ ያስቀምጥልኛል። ትክክል ነበረች። እናቴ ብትሆንም እንደ እኔ ያለውን ገንቦ በስተግራ ታስቀምጠው ነበር።

ጠርሙሶቹ አልተደፉም። ልጄ ከእያንዳንዱ ጥቂት ቀድታ በአዲስ ጠርሙስ ብርሃን ፊት አቆመችው። እኔ የማውቀው በሩ ላይ በሚቀመጥልኝ ዕቃ ብቻ ነበር፤ ባዶ ቱቦ ሲበዛ ልጄ እየሠራች ነው እላለሁ። እሷም ቤት ውስጥ ስለ ሥራው አታነሳም። እኔም አልጠይቅም። ሁለት ሰንበት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ረቡዕ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ከኋላዬ ኮቴዋን ሰማሁ። በሁለት እጇ ጠርሙስ ይዛለች። አረንጓዴ።

"አምስቱ ተራራ አወጡ" አለች። "አልጣሉትም ነበር። ተርበው ነው። አንዱ ብቻ ቀረ፤ እሱ ለምን እንደሆነ አላውቅም።"

ስለዚያ ስለ አንዱ ማንም አልወቀሰኝም። እኔ ግን አሁንም አስበዋለሁ።

እጄን በጋዋኔ አደረቅሁና ሳላስበው ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ፤ ገበያ ውስጥ እንደተማርኩት።

"ኢማ፣ ምን ሆንሽ? ለአንቺ ነው ያመጣሁት" አለች። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። "እዪው።"

"ከዓይን ያውጣው በይ መጀመሪያ።"

"ከዓይን ያውጣው" አለች፣ ሳቋን እያፈነች። "በቃ? አሁን እዪ።"

አየሁት።